ጓሳ ሁለት ሌሊት አድረን ይዘነው የመጣነው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በታኅሣሥ ወር 2011 ዓ.ም. የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ኅዳር 7 ቀን ወጥተን ኅዳር 9 ቀን ስለተመለስንበት የመንዝ ጓሳ ጉዞ ነው። ስለዚህ ጉዞ ብዙ እንደተወራ እናውቃለን። «ቁጠባውን ትተው ሽርሽር ጀመሩ» ተብሏል። «የሰው ሚስት፣ የልጆች እናት፣ ሜዳ ላይ ድንኳን ውስጥ ምን ታድራለች?» ያለም አለ። አልተቀየምንም። እኛም ራሳችን ከመሄዳችን በፊት ከዚህ የባሰ ስንል ነበር። ሆኖም ወሬ የሚበርደው በደረሰኝ ስለሆነ ከገንዘቡ እንጀምር።

ቡድናችን 18 አባላት አሉት። ወደ ጓሳ የሄድነው 11 ነን። ለጉዞው ከመደበኛው ቁጠባ ውጪ በሳምንት 20 ብር እያዋጣን 52 ሳምንት ቆየን። የአንዷ መዋጮ 1,040 ብር፣ የ11ዳችን 11,440 ብር ሆነ። ለሚኒባስ የ3 ቀን ኪራይ 5,400 ብር፣ ለነዳጅ 1,500 ብር፣ ለምግብና ለማገዶ 1,650 ብር፣ ለመግቢያ፣ ለድንኳን ኪራይ፣ ለአስጎብኚና ለአህያ ጭነት 2,350 ብር ወጣ። ድምሩ 10,900 ብር ነው። የተረፈው 540 ብር ወደ ማኅበራዊ ፈንዳችን ገብቷል። ከብድሩ ካዝና አንዲት ሳንቲም አልተነካም። ደረሰኞቹ ጠረጴዛው ላይ አሉ፤ ማየት የምትፈልግ እህት ከሻይ በኋላ ትመልከት።

የገንዘቡ ነገር ይኸው ነው። ቀሪው ግን በደረሰኝ የማይታይ ነው፤ ልንነግራችሁ የመጣነውም እሱን ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ጓሳ የሄድነው ቡድናችን ሊፈርስ ሲል ነው። ከውጭ ለሚያየን ደህና ነበርን። እሑድ እሑድ እንሰበሰባለን፣ ደብተሩ ይከፈታል፣ ቁጠባ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። ነገር ግን ቡና እየተፈላ የሚወራው ወሬ ቀርቶ ነበር። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ስልኳን ታያለች። ስብሰባው ላይ ያልተባለው ሁሉ ከበር ውጭ ይባላል። ምክንያቱ አንድ ብድር ነበር።

ከእህቶቻችን አንዷ በጥር 2010 ዓ.ም. ለእንጀራ ንግድ 6,000 ብር ወሰደች። ከየካቲት እስከ ግንቦት በየወሩ 600 ብር፣ በጠቅላላው 2,400 ብር ከፈለች። ከሰኔ ጀምሮ ቆመ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፤ አምስት ወር ምንም የለም። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት በየወሩ 50 ብር ቅጣት እየተጻፈባት ሄደ። እሷ ከስብሰባ አልቀረችም። መጥታ ጥግ ትቀመጣለች፣ ሳምንታዊ ቁጠባዋን ትሰጣለች፣ የጉዞውንም 20 ብር ትሰጣለች። ይህቺ 20 ብር ናት እሳት የጫረችው። «ለብድር የላትም፣ ለሽርሽር ግን አላት!» ተባለ። «የጉዞ መዋጮዋ ለዕዳዋ ይያዝ» ያልንም ነበርን። ደንቡ ሁለቱ ሒሳብ ለየብቻ ነው ስለሚል ሳይያዝ ቀረ እንጂ፣ በልባችን ይዘነው ነበር።

ማናችንም ግን «ምን ሆነሽ ነው?» ብለን አልጠየቅናትም። አበው ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኛ ያየነው ዝምታ ነቅዞ፣ ነቀዙ ወደ ጎተራው ሁሉ ሲገባ ነው።

የሄድንበትን ቦታ ለማታውቁት፣ ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር የሚገኝ ከፍተኛ ደጋ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ጣርማበር ድረስ ይወጣና ወደ ደብረ ሲና በሚያወርደው ዋሻ ሳይገቡ ወደ ግራ ወደ መንዝ መታጠፍ ነው። እኛ ከቤት የወጣነው ዓርብ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ከመካከላችን የ24 ዓመት ልጅም የ61 ዓመት እናትም ነበሩ። ጉሊት የምትነግድ፣ ልብስ የምትሰፋ፣ ቢሮ የምታጸዳ፣ የምታስተምር፣ ከመሥሪያ ቤቷ የአንድ ቀን ፈቃድ የጠየቀች ሁሉም ነበሩ። ክርስቲያንም ሙስሊምም አለን፤ ቀኑም ዓርብ ስለነበረ ስንቃችን ለሁላችንም የሚሆን ሽሮ፣ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ነበር።

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ተቀበለን። ከጣርማበር በኋላ ያለው መንገድ ኮረኮንችና አቧራ ነበር። የመንዝ ተወላጅ የሆነችው እናታችን ግን መንገዱ በከፋ ቁጥር ፊቷ እየበራ ሄደ። ከበግ ጸጉር የሚሠራውን የመንዝ ባና በልጅነቷ እንዴት እናቷ ትፈትለው እንደነበር፣ ለአንድ ባና ስንት በግ እንደሚሸለት እየነገረችን ደረስን። «ማታ ትፈልጉታላችሁ» አለችን። ሳቅንባት። ማታ ግን ማን እንደሳቀ ታየ።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምርና እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አዲስ አበባ ራሷ ከፍ ያለች ስለሆነች እንለምደዋለን ብለን ነበር። ከመኪና ወርደን ሻንጣችንን ይዘን 50 እርምጃ ስንሄድ ሁላችንም ቆመን ተነፈስን። አስጎብኚያችን የአካባቢው ልጅ ነው። «እዚህ አገር የሚሮጥ አይደርስም። ቀስ በሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ራስ ምታቱ ከጠናባችሁ ደግሞ አትደብቁ፤ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው» አለን። ይህን ምክር ጻፉት፤ ወደፊት ለምትሄዱት ይጠቅማል።

ከዚያ ድንኳን ተተከለ። እኛ ድንኳን የምናውቀው ለልቅሶና ለሠርግ ነው። ጎንበስ ብለን የምንገባበት፣ ዚፕ የሚዘጋበት ትንሽ ድንኳን አይተን አናውቅም። አንዷ እህታችን ገብታ «ይኼማ የምሳ ዕቃ ነው» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ድንኳኖቹ አራት ነበሩ፤ ሦስቱ ለሦስት ሦስት፣ አንዱ ለሁለት። ማን ከማን ይደር? ዕቁብ እንደምናወጣው በዕጣ አወጣነው። ዕጣው ደግሞ ያቺን ባለብድር እህታችንን ከገንዘብ ያዣችንና መዝገቡን ከምትይዘው ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ ጣላት። ሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን ጽሑፍ አሁን የምታነብላችሁ ናት። ማንም ምንም አላለም። ሁሉም ግን እርስ በርሱ ተያየ።

ስለ ሌሊቱ አጭር እናድርገው። በኅዳር የጓሳ ሌሊት ውርጭ ነው። ሁለት ሹራብ፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ ለብሰንም ጥርሳችን ይገጫል። የባናውን ነገር ያን ጊዜ አመንን፤ ከማረፊያ ቤቱ ለምነን አመጣን። በጠባብ ድንኳን፣ በዚያ ብርድ፣ መኳረፍ አይቻልም። ሦስት ሰው ጀርባ ለጀርባ ካልተጣበቀ አያድርም። እኩለ ሌሊት ላይ ሒሳብ ሠራተኛዋን ራስ ምታት ያዛት፤ አስመለሳት። በእጅ ባትሪ ብርሃን ይዛት የወጣችው፣ ግንባሯን የያዘችላት፣ ከፔርሙስ ትኩስ ሻይ ቀድታ በትንሽ በትንሹ ያጠጣቻት ያቺው እህታችን ናት። ስለ ብድር አንድ ቃል አልተነሣም። ሲነጋ ሕመሙ ለቀቃት። እፍረቱ ግን አልለቀቃትም።

ቅዳሜ ጠዋት ከድንኳን ስንወጣ ሣሩ በሙሉ በረዶ ለብሶ ነጭ ሆኖ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ነጩ ቀስ እያለ ሟሟ፤ አገሩም ወርቅማ ሆነ። አልፎ አልፎ ጅብራ እንደ ዘበኛ ቆሟል። በስተምሥራቅ መሬቱ በድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከታች ቆላው እስከ አፋር ድረስ በጭጋግ ውስጥ ይታያል።

ጭላዳዎቹን ያየናቸው ከገደሉ ሲወጡ ነው። ሌሊቱን ከጅብና ከነብር ለመሸሽ ገደሉ ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር ይግጣሉ። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ጌጥ ይመስላል። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ ወደ አፋቸው ይከታሉ፤ ጉሊት ነጋዴዋ «ጎመን የሚቀነጥሱ ሴቶች ይመስላሉ» አለች። እናቶቹ ልጆቻቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለዋል። እኛም ቁጭ ብለን አየናቸው። ከዓመት ዓመት ቁጭ ብለን ያየነው ነገር ስላልነበረ፣ አንዳንዶቻችን ለምን እንደሆነ ሳናውቅ እንባችን መጣ።

ትንሽ ቆይቶ አስጎብኚው በእጁ ዝም በሉ አለን። ቀይ ቀበሮ ነበር። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ናቸው። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሐል ቀስ ብሎ ይራመዳል። ጭላዳዎቹ አልሸሹም። እሱም ግልገሎቻቸውን አልነካም። የሚፈልገው አይጥ ነው። ጓሳ ላይ ለዓመታት የሠሩ ተመራማሪዎች፣ ቀበሮው ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይልቅ ጭላዳ መሐል ሲሆን አይጥ የመያዝ ዕድሉ በጣም ከፍ እንደሚል ጽፈዋል። መምህርቷ እህታችን «እሱ ካልነካቸው እነሱ አይሸሹትም፤ እነሱ ካልሸሹት እሱ ይበላል» አለች። ይህን በቃለ ጉባኤ አልመዘገብነውም፤ ነገር ግን አልረሳነውም።

ከዚያ አስጎብኚው የረገጥነውን ሣር ነገር አነሣ። ቦታው ስሙን ያገኘው ከዚህ ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድንበት፣ ገመድ የሚገምድበት፣ ለዝናብ የሚለብሰውን ገሳ የሚሠራበት ነው። እንዲህ የሚፈለግ ሣር እንዴት ሳያልቅ እስከ ዛሬ ቆየ? መልሱ እኛን ቀጥታ የሚመለከት ሆኖ አገኘነው።

የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቦታውን በጋራ ሲጠብቅ ኖሯል። ሥርዓቱ ቀሮ ይባል ነበር። ሕዝቡ አባ ቀራ የሚባል ኃላፊ ይመርጣል። ጓሳው ለተከታታይ ዓመታት፣ ሦስትም አምስትም ዓመት፣ ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ከብት አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲመጣና ሕዝቡ ሲቸገር ደግሞ ይከፈታል። የሚከፈትበት ቀን ለሁሉም ይነገራል፤ ሁሉም በእኩል ጊዜ ገብቶ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ ከየቀበሌው ኮሚቴ መርጦ፣ መተዳደሪያ አውጥቶ፣ ጠባቂ ቀጥሮ ጥበቃውን እንደገና አቆመ። ዛሬ ከእኛ የተሰበሰበው መግቢያና የማረፊያው ገቢም የሚሄደው ለዚሁ የማኅበረሰብ ጥበቃ ነው።

አንዷ እህታችን «አባ ቀራ ብቻ? እማ ቀራ የለም?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ሳቀና «በድሮው የለም፤ አሁን እናንተ ጀምሩት» አላት።

ወደ ሠፈራችን ስንመለስ የነበረው እርምጃ ነው ነገሩን የከፈተው። ስንሄድ ጠንካሮቹ ከፊት፣ ደካሞቹ ከኋላ ሆነን ተበታትነን ነበር። ስንመለስ አስጎብኚው አስቆመንና «ከሁሉም ቀስ የምትለዋ ከፊት ትሁን፤ ሌሎቻችሁ ከኋላዋ» አለ። ቀስ የምትለዋ ያቺው እህታችን ሆነች። በየ20 እርምጃው ትቆማለች፣ ደረቷን ትይዛለች፣ ታስላለች። እኛም ከኋላዋ ስለሆንን ማለፍ አንችልም፤ በእሷ ትንፋሽ ልክ መሄድ ግድ ሆነብን። ገንዘብ ያዣችን ከሁላችን ቀድማ «ይኼ ሳል ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። አምስት ወር ሙሉ ያልተጠየቀ ጥያቄ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተጠየቀ።

እሷም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነገረችን። በብድሩ የኤሌክትሪክ ምጣድና የመጀመሪያውን ጤፍ ገዛች። አራት ወር ደህና ሠራች። ከዚያ በሠፈራቸው መብራት መጥፋት አበዛ። ቀን ይጠፋል፣ ማታ ይመጣል፤ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ደንበኛው ይሄዳል። አንድ ቀን ኃይሉ ድንገት ሲመጣ ምጣዱ ተቃጠለ። በእንጨት መጋገር ጀመረች። የማገዶው ዋጋ ትርፉን በላው፤ ጭሱ ደግሞ ደረቷን። ለባሏ ነግራው «እነዚያ ሴቶችሽ ያውጡሽ» አላት። ለእኛ መናገር ደግሞ አፈረች።

«ታዲያ 20 ብሯን ከየት እያመጣሽ ትከፍዪ ነበር?» አላት አንዷ። በንቀት አልነበረም፤ ገርሟት ነው።

«ከልጆቹ ዳቦ እየቀነስኩ» አለች። «ያቺን 20 ብር ካቆምኩ ከእናንተ የወጣሁ መሰለኝ።»

እህቶቻችን፣ ያን ጊዜ የተሰማንን ለመናገር ቃል የለንም። መዝገባችን ትክክል ነበር። እያንዳንዱ ቁጥር በቦታው ነበር። «ያልተከፈለ፣ ያልተከፈለ፣ ያልተከፈለ» የሚለው አምስቱም መስመር ስህተት የለበትም። መዝገቡን የያዘችው እህታችሁ ሒሳብ ተምራለች፣ በሒሳብ ዲፕሎማ አላት፣ የዓመቱን መጨረሻ ሳንቲም ሳታጎድል ትዘጋለች። ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ አልጠየቀችም። እኛም ሁላችን አልጠየቅንም። ቁጥሩ ሰውዬዋን እስኪጋርዳት ድረስ አየነው።

የዚያን ማታ ከመሐል ሜዳ በገዛነው እንጨት እሳት አነደድን፤ ከጓሳው ቁጥቋጦ መቁረጥ ክልክል ነው። የጦስኝ ሻይ ፈላ። ሁላችንም ተናገርን። ያኮረፈችው ለምን እንዳኮረፈች፣ ያማችው ምን ብላ እንዳማች ሳይቀር ወጣ። ደስ የሚል ብቻ አልነበረም፤ ድምፅ ከፍ ያለበት ሰዓት ነበር። ገንዘብ ያዣችን «አዝኛለሁ፤ ነገር ግን ሕግ ሕግ ነው። ዛሬ ለእሷ ብንተው ነገ ሁሉም መብራት ጠፋብኝ ይላል» አለች። ይህን ያለችው በክፋት አይደለም፤ የብዙ ድሃ ሴቶችን ገንዘብ ስለያዘች ነው። ዛሬም አቋሟ ይኸው ነው፤ እናከብረዋለን።

የ61 ዓመቷ የመንዝ እናታችን ግን እንዲህ አለች፦ «ያ ልጅ ስለ ጓሳው የነገረን እኮ መዝጋት ብቻ አይደለም። ሲቸግር በሕግ ይከፈታል። የሚዘጋውም የሚከፍተውም ያው ሕግ ነው። የእኛ ደንብ መዝጊያ እንጂ መክፈቻ የለውም።» ከዚህ በላይ የተናገረ የለም። ደንባችንን ስናስበው እውነት ነው። የዘገየች ምን እንደምትቀጣ ተጽፏል። የተቸገረች ለማን፣ እንዴት እንደምትናገር ግን አንድ መስመር የለም።

እሑድ ማታ ቤታችን ገባን። እዚህ ላይ ደግሞ ያጠፋነውን እንናገር። በሚቀጥለው ስብሰባ በደስታ ተሞልተን «እንዲህ ይሁን» ብለን ሐሳቡን ስናቀርብ፣ ያልሄዱት ሰባቱ እህቶቻችን ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ «ተራራ ላይ ወስናችሁ መጣችሁ። እኛ የእናንተን ልጆች እየጠበቅን፣ እናንተ የእኛን ገንዘብ ትወስኑ ነበር» አለች። ልክ ናት። እኛ ስንሄድ የ11ዳችንን ልጆች ያበሉ፣ ያስተኙ እነሱ ናቸው። ለአንዷ ባሏ ፈቃድ ስለከለከላት፣ ለሌላዋ አራስ ስለሆነች፣ ለሌላዋ ሥራ ስላልተመቻት ቀሩ እንጂ መሄድ ጠልተው አይደለም። ገና ከአንዱ ዝምታ ሳንወጣ ሌላ ልንፈጥር ነበር። በዚህ ስብሰባ ፊት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን፤ እናመሰግናቸዋለንም።

ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረን 18ታችንም ባለንበት ሁለት እሑድ ተወያየንበት። በድምፅ ብልጫ፣ 15 ለ 3፣ የሚከተለው ጸደቀ። አንደኛ፣ አንዲት አባል ክፍያ ሁለት ጊዜ ካቋረጠች ቅጣት ከመጻፉ በፊት ሁለት እህቶች ቤቷ ሄደው ይጠይቃሉ። ሁለተኛ፣ ችግሯ የታወቀ አባል ቀሪ ዕዳዋ በረጅም ጊዜ ሊከፋፈልላት ይችላል፤ ዕዳው ግን አይሰረዝም። ሦስተኛ፣ የተከራዩትም የተበደሩትም፣ የሄዱትም የቀሩትም እኩል ድምፅ ሳይኖራቸው ከስብሰባ ውጭ ውሳኔ አይወሰንም።

የእህታችን ቀሪ ዕዳ 3,600 ብር በወር 200 ብር፣ በ18 ወር እንዲከፈል ሆነ። የመጀመሪያውን 200 ብር በታኅሣሥ መጀመሪያ ከፍላለች። ጤና ጣቢያም ሄዳ ታይታለች፤ መድኃኒት ጀምራለች። መብራቱ አሁንም ይጠፋል። ችግሩ አላለቀም፤ ብቻዋን መሆኗ ግን አልቋል። ይህን ሁሉ ዛሬ የምንነግራችሁ በእሷ ፈቃድ ነው፤ ጽሑፉን አስቀድማ አንብባዋለች።

ከመጨረሳችን በፊት፣ የእናንተም ቡድን እንዲህ ያለ ጉዞ ቢያስብ ከስህተታችን ተማሩ። አዲስ ጫማ ገዝታችሁ እዚያው አትጀምሩት፤ ከእኛ አንዷ በተረከዟ ቁስል ሁለተኛውን ቀን ሙሉ ተሠቃየች። ሹራብ፣ ካልሲና የራስ መሸፈኛ ከምታስቡት በላይ ያዙ። የእጅ ባትሪ ለየራሳችሁ ይኑራችሁ፤ ሌሊት ለሽንት ስትወጡ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ሞዴስ ባያስፈልጋችሁም ያዙ፤ ድካም የወር አበባን ቀን ሊያዛባ ይችላል፣ በአካባቢውም ሱቅ የለም። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ደም ግፊት፣ ልብ ወይም አስም ያለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። በመጀመሪያው ቀን ረጅም መንገድ አትሂዱ። ያወጣችሁትን ቆሻሻ ሁሉ መልሳችሁ ይዛችሁ ውጡ። ወጪውንም በትንሽ በትንሹ፣ ከዓመት በፊት ቆጥቡት፤ ተበድሮ መዝናናት ለማንም አንመክርም።

ከሁሉም በላይ ግን ተራራው ሥራ አይሠራልንም። ያንን ጥያቄ እዚሁ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቡና እየጠጣን ልንጠይቃት እንችል ነበር። መንገዱ ስለጠበበና ማለፍ ስላልቻልን ብቻ ጠየቅናት። አሁን ወደ ሜዳው ተመልሰናል፤ መንገዱም ሰፊ ነው። ማለፍም ይቻላል። ስለዚህ በስብሰባችን አንድ ነገር ቀየርን፦ ደብተሩ ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዷ እህት ሳምንቷ እንዴት እንደነበረ ትናገራለች፤ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከሁሉም ዝም ያለችው ናት። ከዚያ ሒሳቡ ይቀጥላል።

በሚቀጥለው ዓመት በዕጣ ሳይሆን በተራ፣ ሰባቱ እህቶቻችን ይሄዳሉ። ልጆቻቸውን እኛ እንይዛለን። ባሏ የከለከላት እህታችን ቤትም የመንዟን እናታችንን አስቀድመን ሽማግሌ አድርገን ልከናታል፤ እስካሁን «አስብበታለሁ» ብሏል።

 ሻዩ ደርሷል፤ ደረሰኞቹም እዚያው ናቸው።